«ዋዠቀ» ልበል ወይስ «ናረ»? ስለ ለውጥ ስንጽፍ ቃል መምረጫ

ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ቃል ሳይሰሙ መዋል ከባድ ነው። የሽንኩርት ዋጋ ይዋዥቃል። የመብራት ኃይል ይዋዥቃል። የጣና ውሃ ይዋዥቃል። የቱሪስት ቁጥር ይዋዥቃል። ኔትወርክ ሳይቀር ይዋዥቃል። ሪፖርት የሚጽፍ፣ ዜና የሚያዘጋጅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስገባ ሁሉ ወደዚህ ቃል ይሮጣል።

ጥሩ ቃል ነው። ክፋቱ ለሁሉም ነገር መዋሉ ነው። ዋጋው ጨመረ? ቀነሰ? ወጥቶ ወረደ? ማን ጨመረው? አንባቢው አያውቅም። «ዋዠቀ» ብሎ ማለፍ አንዳንድ ጊዜ ዝም ከማለት አይሻልም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እውነቱን መሸፈኛ ይሆናል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ከ«መዋዠቅ» ጎን ያሉትን ቃላት እናነጻጽራቸው። አማርኛ በዚህ በኩል አይታማም። መናር፣ ማሽቆልቆል፣ መለዋወጥ፣ መቀያየር፣ መፈራረቅ፣ መቆራረጥ፣ መዛባት፣ መመላለስ፣ መወላወል፣ ወጣ ገባ መሆን፤ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ

አንድ ነገር ዋዠቀ የሚባለው መርጋት ሲያቅተው ነው። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወርድ በውል አይታወቅም። በቢሮና በግቢ «ፍላክቹዌት ያደርጋል» የሚሉትም ይህንኑ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው ሞገድ ማለት ነው። ሞገድ ተነስቶ ይወድቃል፣ ወድቆ ይነሳል። ተነስቶ እዚያው የሚቀር ሞገድ የለም።

ከዚህ ሦስት ጥያቄ ይወጣል። አንደኛ፣ የሚለወጠው ነገር ይመለሳል ወይስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ለውጡ ወቅትና ሥርዓት አለው ወይስ የለውም? ሦስተኛ፣ በራሱ ይለወጣል ወይስ የሚለውጠው ሰው አለ? የሚመለስ፣ ሥርዓት የሌለውና ማንም የማያዝዘው ለውጥ ከሆነ «መዋዠቅ» ቦታው ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ቃል ፈልጉ።

ሰዋስዉም ይህን ይደግፋል። «ዋጋው ዋዠቀ» ይባላል። «ነጋዴው ዋጋውን ዋዠቀው» አይባልም። ቃሉ አድራጊ አያስገባም። ጥንካሬው ይህ ነው፤ አደጋውም ይህ ነው። የሚያደርግ ሰው ባለበት ቦታ «ዋዠቀ» ካልን ያ ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል።

ዋጋ፦ መዋዠቅ፣ መናር ወይስ ማሽቆልቆል?

ከሁሉም በላይ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሽንኩርትና ቲማቲም በእውነት ይዋዥቃሉ። ፎገራ ላይ የመስኖ ሽንኩርት ሲደርስ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይወርዳል። ምርቱ ሲያልቅ ወይም መንገድ ሲዘጋ ይወጣል። ሌላ አካባቢ ያለው ምርት ሲገባ ደግሞ ይመለሳል። አርሶ አደሩ ሲተክል በስንት ብር እንደሚሸጥ አያውቅም። ይህ መዋዠቅ ነው። «የሽንኩርት ዋጋ መዋዠቅ አምራቹን ጎዳ» ብትሉ ማንም አይቃወማችሁም።

ዘይትስ? የቤት ኪራይስ? የሲሚንቶ ዋጋስ? በወር ውስጥ ትንሽ ወረድ ሊል ይችላል። የአምስት ዓመቱን ካያችሁ ግን መንገዱ አንድ ነው፤ ወደ ላይ። ይህን «መዋዠቅ» ማለት ልክ አይደለም። ተከራይ «ኪራይ ዋዠቀብኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ጨመሩብኝ» ነው የሚለው። የጨመረ ሰው አለ ማለት ነው። ተራው ሰው በዚህ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ሪፖርቱ ነው።

ለወደ ላይ ለውጥ ሦስት ቃል በቂ ነው። «ጨመረ» ለማንኛውም ጭማሪ ይሆናል፤ ስሜት የለውም። «አሻቀበ» ጭማሪው ቀጣይና ጎላ ያለ ሲሆን ነው። «ናረ» ደግሞ ከሰው አቅም በላይ ሲሄድ ነው። «የኑሮ ውድነቱ ናረ» ስትሉ ምሬቱም አብሮ አለ። ስለዚህ ለሁለት ብር ጭማሪ «ናረ» አትበሉ፤ ቃሉን ታረክሱታላችሁ። ወደ ታች ከሆነ «ቀነሰ»፣ «ወረደ»፣ «አሽቆለቆለ» አሉ። «አሽቆለቆለ» እየባሰ የሚሄድ መውረድ ነው። ለገዢ ደስ የሚል የዋጋ ቅናሽን «አሽቆለቆለ» ካላችሁ የሻጩን ጉዳት እያወራችሁ እንደሆነ ይሰማል።

የውጭ ምንዛሪው ጥሩ ምሳሌ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ «የምንዛሪ መዋዠቅ ታየ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ወጥቶ አልተመለሰምና። «ብር አቅሙ ተዳከመ» ወይም «የዶላር ዋጋ በእጥፍ ገደማ ጨመረ» ማለት ይቀላል፤ እውነትም ነው። ዛሬ አንዱ ባንክ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ፣ ነገ ቀንሶ ሲለጥፍ ግን ያ ትንሹ ወጣ ወረድ «መዋዠቅ» ሊባል ይችላል። እዚያው ጉዳይ ውስጥ ሁለት ዓይነት ለውጥ አለ። ሁለት ቃል ያስፈልገዋል።

የጣና ውሃ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል

ሐይቁ ከሁሉም የተሻለ መለማመጃ ነው። በአንድ ውሃ ላይ አራት ዓይነት ለውጥ ይታያል።

አንደኛው የየዓመቱ ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው ይገባሉ። ውሃው ከፍ እያለ ይሄድና መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በበጋው ሁሉ ይጎድላል። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተለምዶ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ነው። ዓሣ አስጋሪው ያውቀዋል፣ በባሕር ሸሽ የሚያርሰው ገበሬ ይጠብቀዋል። ሥርዓት አለው። ስለዚህ «ይዋዥቃል» ከማለት «ይሞላል፣ ይጎድላል» ማለት ይሻላል። ይህ ደግሞ የሐይቁ ዳር ሰው ራሱ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ከዓመት ዓመት ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ክረምት ይበረታል፣ ሌላው ይሳሳል። አምና የደረሰበት ምልክት ላይ ዘንድሮ አይደርስም፤ ከርሞ ደግሞ አልፎት ይሄዳል። እዚህ ላይ «የሐይቁ ከፍታ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል» ትክክል ነው። ይመለሳል፣ ሥርዓት የለውም፣ ዝናብን የሚያዝ የለም።

ሦስተኛው የሰው እጅ ያለበት ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም በሮቹ ተጨመሩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። ይህ ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል። እንግዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በከፊል በሰው ውሳኔ የሚለቀቅ ነው። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውሃው በዚህ ምክንያት ሲቀንስ «ዋዠቀ» ማለት በሩን የከፈተውን ይደብቃል። «በመለቀቁ ቀነሰ» በሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም እንዲሁ ነው። እንግዳ ወስዳችሁ ውሃው ሳስቶ ስታገኙት፣ የበጋው ወቅት አንዱ ምክንያት ነው። ለኃይል ማመንጫ የሚሄደው ውሃ ሌላው ነው። ሁለቱንም ስማቸውን ጠርቶ መናገር ይገባል።

አራተኛው ልዩ አደጋ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም ወረደ። ድርቅና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደረቡ። ትልልቆቹ ጀልባዎች ያለችግር ለመሄድ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ያኔ ከዚያ በታች ወረደና የጀልባ ጉዞ ለወራት ተቋረጠ። የደንገል ዳርቻዎች ደረቁ። ይህን «የውሃ መጠን መዋዠቅ አጋጥሞ ነበር» ብሎ መጻፍ ግፍ ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ሲጎድል ዳርቻው ሩቅ ይሸሻል። «ውሃው ክፉኛ ወረደ» ነው የሚባለው።

እምቦጭንም እዚሁ እናንሳው። አረሙ ጣና ላይ በይፋ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሪፖርት «የእምቦጭ ሽፋን መዋዠቅ» ይላል። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ነው። ተነቅሎ ነው? በክረምት ጎርፍ ከማሳ በመጣ ማዳበሪያና ደለል ተስፋፍቶ ነው? ወይስ ንፋስ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ገፍቶት ነው? ሦስቱም ይሆናሉ። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። «ተነቀለ»፣ «ተስፋፋ»፣ «ንፋስ ገፋው» ብላችሁ ለዩ። በተለይ ንፋስ ወስዶት የጠፋውን «ቀነሰ» ብሎ ማወጅ ሕዝብን ማሳሳት ነው።

መብራት፦ መዋዠቅ፣ መቆራረጥ ወይስ ፈረቃ?

እዚህ ላይ የቃል ምርጫው ገንዘብ ያስወጣል።

«ኃይል ይዋዥቃል» ማለት መብራቱ አለ፣ ነገር ግን 220 ቮልት ላይ አይረጋም ማለት ነው። አምፖሉ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ፍሪጁ ያጓራል። ለዚህ ስታቢላይዘር ይረዳል። «ኃይል ይቆራረጣል» ማለት ደግሞ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል ማለት ነው። ለዚህ ስታቢላይዘር ምንም አያደርግም፤ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ነው የሚያስፈልገው። «ፈረቃ» ሌላ ነው። ለእናንተ ሰፈር ዛሬ፣ ለጎረቤት ሰፈር ነገ ተብሎ በፕሮግራም የሚታደል ነው። ሥርዓት ስላለው መዋዠቅ አይደለም፤ መፈራረቅ ነው።

በየምሽቱ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የሚደክም መብራትም አለ። ሰዓቱ ይታወቃል፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይመለሳል። ይህን ለመብራት ኃይል ስታመለክቱ «ይዋዥቃል» ብቻ አትበሉ። «ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ይደክማል» በሉ። ቴክኒሻኑ መስመሩ ወይም ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ ወዲያው ይጠረጥራል። ትክክለኛ ቃል ግማሽ ጥገና ነው ብዬ አምናለሁ።

ኔትወርክም ይህንኑ ይከተላል። ፍጥነቱ አንዴ ጥሩ አንዴ ደካማ ከሆነ ይዋዥቃል። ከጠፋና ከመጣ ይቆራረጣል።

«መለዋወጥ» እና «መቀያየር»

«መለዋወጥ» የ«መዋዠቅ» የቅርብ ተፎካካሪ ነው። ሰፋ ይላል፤ ከፍታና ዝቅታ የሌለውን ለውጥም ይይዛል። የሰማዩ ቀለም፣ የሰው ጠባይ፣ የሥራ ሁኔታ ይለዋወጣል እንጂ አይዋዥቅም። በቁጥር የሚለካ፣ ወጣ ወረድ የሚል ነገር ከሆነ «መዋዠቅ»ን ምረጡ። ዓይነቱ ወይም መልኩ የሚለወጥ ከሆነ «መለዋወጥ»ን።

አንድ መጠንቀቂያ አለው። «መለዋወጥ» መሰጣጣትም ነው። «ሐሳብ ተለዋወጡ»፣ «ስልክ ተለዋወጥን» እንላለን። «የዋጋ መለዋወጥ» ግልጽ ነው። «የመረጃ መለዋወጥ» ግን መረጃው ተለወጠ ነው ወይስ ሰዎች ተሰጣጡ? እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከመጣ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሳችሁ ሥሩት።

ስለ አየር ንብረት የምትጽፉ ተማሪዎች ደግሞ ይህችን ልብ በሉ። «የአየር ንብረት ለውጥ» ረጅም ነው፤ ሜትሮሎጂ ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ይዞ ነው የሚያነጻጽረው። «የአየር ንብረት መለዋወጥ» ከዓመት ዓመት ያለው ልዩነት ነው። የዛሬ ጠዋት ብርድና የከሰዓት ሙቀት «የአየር ሁኔታ» ነው። ዝናቡ ሰኔ መግባት ሲገባው ሐምሌ ላይ ከገባ፣ ወይም መኸሩ ላይ ከጣለ፣ «ተዛባ» በሉ። «መዛባት» ከሚጠበቀው ልክ መውጣት ነው። ልክ ከሌለ መዛባት የለም። የልብ ምትም ይዛባል የምንለው ለዚህ ነው።

«መቀያየር» አንዱን አንስቶ ሌላ መተካት ነው። ሥራ መቀያየር፣ ስልክ ቁጥር መቀያየር፣ አሠልጣኝ መቀያየር። የሚቀያይር ሰው አለ። ስለዚህ «መመሪያው ይዋዥቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ «መመሪያውን ይቀያይሩታል» ብላችሁ አርሙት። መመሪያ በራሱ አይለወጥም።

ሰው፣ ጤና፣ ኳስ

ሰው ሲሆን «መወላወል» ይቀድማል። መወሰን ያቃተው ሰው ይወላውላል፤ ወላዋይ ይባላል። «አቋሙ ይዋዥቃል» ማለትም ይቻላል፣ ትንሽ ለስለስ ያለ ነው። «ወላዋይ» ግን ስድብ ያህል ይከብዳል። ስለ ሰው በጽሑፍ ስታወጡት አስቡበት። ሆሄውንም ተጠንቀቁ፤ «መወልወል» መጥረግ ነው፤ ጠረጴዛ ይወለወላል። «ውዥንብር» ደግሞ ድምፁ ለ«መዋዠቅ» ቢቀርብም ግራ መጋባት ነው። ወሬ ውዥንብር ይፈጥራል እንጂ መዋዠቅ አይፈጥርም።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ትኩሳቱ ይዋዥቃል» አትበሉ። «ይመላለሳል» በሉ፤ ለቆ ተመልሶ እንደሚመጣ ወዲያው ይገባል። ብርድ፣ ትኩሳት፣ ላብ እየተከታተሉ ከሆነም «ይፈራረቅበታል» በሉ። ወባ ባለበት በዚህ አገር ይህ ልዩነት ለሐኪሙ ፍንጭ ነው። ግፊት ለሚለካ ሰው ግን «ግፊቴ ከፍ ዝቅ ይላል» በቂ ነው፤ ቁጥሮቹን ጽፎ ከያዘ ደግሞ የበለጠ።

ለኳስ ቡድን የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ወጣ ገባ አቋም» ይላሉ። አንዱን ጨዋታ አሸንፎ ቀጣዩን ለሚጥል ቡድን ከዚህ የተሻለ የለም። ለዋጋ ግን አትጠቀሙበት። ዋጋ ወጣ ወረድ ይላል፤ ወጣ ገባ የሚለው ቡድንና መሬት ነው።

የቱሪስት ቁጥርን በአጭሩ ልለፈው። ጥምቀት ሲቃረብ መጨመሩ፣ ክረምት ላይ መቀነሱ የወቅት ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ ከዚያም በጦርነቱ የመጣው ግን ውድቀት ነው። ምክንያቱን ጨምራችሁ «ወደቀ» ወይም «ቀነሰ» በሉት። ለወራት ጀልባውን አስሮ ለተቀመጠ ሰው «ዋዠቀ» የሚለው ቃል አይመጥንም።

ስትጽፉ

ሁለት ቁጥር ብቻ ይዛችሁ «መዋዠቅ» አትጻፉ። አምና 40፣ ዘንድሮ 55 ከሆነ ያላችሁ ጭማሪ ነው። ለመዋዠቅ ቢያንስ አንድ መውጣትና አንድ መውረድ መታየት አለበት። ስለዚህ ሦስትና ከዚያ በላይ ልኬት ያስፈልጋል፤ ከበዛ ይሻላል።

ቃሉን ከመረጣችሁ ደግሞ ዳርቻውን ስጡት። «ዋጋው ይዋዥቃል» ብቻውን ባዶ ነው። «አንድ ኪሎ ቀረሶ ዓሣ በዚህ ወር ከዚህ ብር እስከዚህ ብር ባለው መካከል ሲዋዥቅ ሰነበተ» ሲባል ሆቴል ያለው ሰው ሒሳቡን ይሠራል። ጊዜውንም ጥቀሱ፤ የሰዓት፣ የሳምንት ወይስ የዓመት መዋዠቅ ነው? ጣና በአንድ ቀን ንፋስ ይናወጣል፣ በአንድ ዓመት ይሞላል ይጎድላል፣ በአሥር ዓመት ይዋዥቃል። የጊዜው ርዝመት ሲለወጥ ቃሉም ይለወጣል።

እጃችሁ ላይ ያለ ሪፖርት ካለ «መዋዠቅ» የሚለውን ቃል ፈልጉና ከያንዳንዱ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ቃሉን አውጡትና «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ተኩ። የጨመረው ወይም የቀነሰው አካል ከታወቀም ስሙን ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡት።